ላዳ ወይስ ዲኤክስ? አባይን የሚያወርድህን ምረጥ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ እንዲህ ይላል።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጉለሌ ነው የምኖረው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። አባቴ ሲያርፍ ላዳ 2107 ትቶልኝ ሄዷል። እሱ ካረፈ ጀምሮ መኪናው ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ ቆሟል። አሁን ደግሞ ጎረቤቴ የ1986 ሞዴል ኮሮላ ዲኤክሱን ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ሁለቱንም መያዝ ስለማልችል አንዱን መምረጥ አለብኝ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ጎጃም፣ ሉማሜ አካባቢ የአባቴ እናት የሆነችው አያቴ ጋ ቤተሰቤን ይዤ እሄዳለሁ። ቤቷ ከአስፋልቱ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች ይገባል። ጓደኞቼ ላዳው 1500 ሲሲ ስለሆነ ጉልበት አለው ይላሉ። ጎረቤቴ ዲኤክሱ ይበራል ይላል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ የዚያ ዘመን ኮሮላ ለድሪፍት፣ ጎማ እያንሸራተቱ ኩርባ ለመዞር፣ የተፈጠረ ነው ብሎ ሙጭጭ ብሏል። የትኛው ነው ዳገት የሚወጣልኝ? የትኛውስ ነው መንገድ የሚይዝ? ላዳውን ለመሸጥ ደግሞ አንጀቴ አልችል ብሏል። አባቴ ከሾፌሩ ወንበር ስር ያስቀምጣት የነበረች ቁራጭ ጨርቅ እንኳ እስካሁን እዚያው አለች፣ ለምን እንደሚይዛት ግን ማናችንም አናውቅም። ግራ የገባው፣ ከጉለሌ»

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባትህን ነፍስ ይማር።

ሳላንዛዛ ልንገርህ፣ ዲኤክሱን ያዝ። ጎረቤትህ «ይበራል» ስላለ ግን አይደለም። መኪናዬ አይበርም ያለ ሻጭ አይተህ ታውቃለህ? ደግሞም አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፣ ወደ ታች ስትደርስ ታገኘዋለህ። እሱን ካላሟላ ዲኤክሱም ይቅርብህ።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ዳገት ጠይቀኸኛል፣ ስለ ጉልበት ጠይቀኸኛል፣ ስለ ቁልቁለት ግን አንዲት ቃል የለችም። መንገድህ እኮ አባይ በረሃን የሚያቋርጥ ነው! ዳገት ላይ አቅም ያጠረው መኪና ቢበዛ ቢበዛ ያሳፍርሃል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተህ፣ ቀኝህን ይዘህ፣ ከኋላህ ያለው አይሱዙ ጡሩንባውን እየነፋ እስኪያልፍህ መታገስ ነው። ቁልቁለት ላይ አቅም ያጠረው ግን የመታገሻ ጊዜም አይሰጥህ። ስለዚህ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛው ያወጣኛል ብዬ አልነበረም፣ የትኛው በሰላም ያወርደኛል ብዬ ነበር።

ቢሆንም የጠየቅከውን ሳልመልስ አላልፍም። ከጉልበቱ ልጀምር።

ጓደኞችህን ሲሲው ሸውዷቸዋል። የላዳ 2107 ሞተር 1,452 ሲሲ ነው፣ ሰው አጠጋግቶ 1500 ይለዋል። የፈረስ ጉልበቱ ከ70 ትንሽ ከፍ ቢል ነው። የዲኤክሱ 1,300 ገደማ ሲሆን ጉልበቱም እዚያው 70 ዙሪያ ያንዣብባል። እኩል ናቸው ብትል ማንም አይከራከርህም። የሚለያዩት በክብደት ነው። ላዳው ባዶውን ከአንድ ቶን ያልፋል፣ ዲኤክሱ ግን ከ900 ኪሎ ብዙም አይርቅም። በሌላ አነጋገር፣ ላዳው ሂሳብ የማይከፍሉ ሁለት ወፋፍራም ተሳፋሪዎች ሁልጊዜ እንደጫነ ነው የሚሄደው። አንተ፣ ባለቤትህ፣ ልጆችህና ለአያትህ የተሸከፈው ዕቃ ከመግባታችሁ በፊት ማለት ነው።

በዚህ ላይ ከፍታውን ጨምርበት። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ያ ሰባ ፈረስ የምትለው እኛ ጋ ሲደርስ ሃምሳ አምስት ገደማ ፈረስ ይሆናል፣ እሱም ሞተሩ አዲስ ቢሆን። ፋብሪካው ላዳው በሰዓት 150 ይሮጣል ይላል። ፋብሪካው ያለው ግን ቮልጋ ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ነው፣ እንጦጦን አያውቃት።

ለላዳው አንድ ነገር ልመስክርለት። ዝግ ባለ ዙር ላይ ትዕግሥተኛ ነው። ማርሽ ሳትቀንስለት ብትቀርም እየተንገጫገጨም ቢሆን ይጎትታል እንጂ ቶሎ አይጠፋብህም። ዲኤክሱ ደግሞ ሞተሩ ሲዞርለት ነው ደስ የሚለው፣ ነዳጅ ከነፈግከው ያኮርፋል። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን ዳገት አምስት ሰው ጭነህ ብትሞክራቸው፣ ዲኤክሱ በሦስተኛ የሚይዘውን ቦታ ላዳው ሁለተኛ ይጠይቅሃል። ልዩነቱ ይቺው ናት። ለዚህ ብቻ ከሆነ የአባትህን መኪና ሽጥ አልልህም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አያያዙ።

ላዳው ከመሠረቱ ፊያት 124 ነው፣ በ1967 (የመኪና ዓመት የምጠራልህ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የአውሮፓ የዓመቱ መኪና የተባለው ጣልያን። ሶቪየቶች ፈቃዱን ገዝተው ከ1970 ጀምሮ ቶሊያቲ ላይ ሲያመርቱት ለራሳቸው መንገድ እንዲሆን አድርገው ለወጡት። ቆርቆሮውን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ የኋላ ዲስክ ፍሬኑን አውጥተው በከበሮ ፍሬን ተኩት፣ ጭቃና ጠጠር ዲስኩን እየበላ ስላስቸገራቸው። የአንተ 2107 በ1982 የወጣ የዚያው ቤት ልጅ ነው። በነገራችን ላይ መካኒኮቻችን ከላዳ ጋር ቶሎ የተግባቡት አለምክንያት አይመስለኝም። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እያሉ በጣልያንኛ ሲጠግኑ ለኖሩ ሰዎች፣ ሩሲያ ዞሮ የመጣ የጣልያን መኪና እንግዳ አልሆነባቸውም።

ዲኤክስ ደግሞ የሞዴል ስም እንዳይመስልህ። ቶዮታ ለዕቃው ደረጃ የሚሰጠው ስያሜ ነው፣ እኛ ነን የመኪናው ስም ያደረግነው። ስለዚህ «ዲኤክስ» ስትባል ሁልጊዜ ዓመቱን ጠይቅ። የ1979ኙ ኮሮላ እንደ ላዳው ከኋላ የሚገፋ ነበር። በ1983 የመጣው ትውልድ ሴዳኑ ከፊት የሚጎትት ሆነ። በዚያው ዓመት ኤኢ86 የሚባለው ባለ ሁለት በሩ ብቻ ከኋላ መግፋቱን ቀጠለ፣ በድሪፍት ስሙ የገነነው እሱ ነው። የባለቤትህ ወንድም እንግዲህ ግማሽ እውነት ይዟል። ዘመኑ ልክ ነው፣ መኪናው ግን ሌላ ነው። የጎረቤትህ ባለ አራት በር 1986 ድሪፍት ልሥራበት ቢባል ጎማ ከመብላት ሌላ ምንም አያተርፍም። ለአንተ ይሄ መልካም ዜና ነው።

ለምን መሰለህ? ከኋላ የሚገፋ መኪና እርጥብ ኩርባ ላይ ነዳጅ ስትጨምርበት ቂጡን ይጥላል። አንዴ መጣል ከጀመረ መሪውን ወደተንሸራተተበት አቅጣጫ በፍጥነት መልሰህ መያዝ አለብህ፣ ብዙ ሰው ደግሞ በድንጋጤ ፍሬን ይረግጣል፣ ያን ጊዜ ዞረህ የመጣህበትን ታያለህ። ከፊት የሚጎትተው ሲስት አፍንጫው ወደ ውጭ ይሮጣል እንጂ ኋላው አይከዳህም። የሚፈልገው ነዳጁን በቀስታ መቀነስና መሪውን ይዞ መጠበቅ ብቻ ነው። ይሄ ደግሞ የደነገጠ ሰው እግር በራሱ የሚያደርገው ነገር ነው። በዓመት አራት ጊዜ ረጅም መንገድ ለሚወጣ፣ ከኋላ ልጆች ለሚጣሉበት ሾፌር፣ ስህተቱን በደመ ነፍስ የሚያርምለት መኪና ይሻለዋል።

መሪውም አንድ አይደለም። የላዳው በዘንግና በማርሽ ሳጥን የሚዞር የድሮ አሠራር ነው፣ ፓወር የለውም፣ ቆሞ ሲዞር ክንድ ይፈትናል። ሲያረጅ ደግሞ ባዶ ጨዋታ ያበዛል። መሪውን ሦስት ጣት ያህል ግራ ቀኝ ስታደርገው ጎማው ገና አልሰማም። የአባትህ ዘመን ሾፌሮች ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ መሪውን ወዲህ ወዲያ ሲያወዛውዙ አይተህ ይሆናል። ጌጥ አይደለም፣ መኪናውን በመሃል ለማቆየት ነው። የዲኤክሱ መሪ በጥርስ ዘንግ ቀጥታ ከጎማው ጋር የተያያዘ ነው፣ ቀላል ነው፣ ትንሽ ስታዞረው ይሰማሃል። ከኋላም ቢሆን የላዳው ሁለት ጎማዎች በአንድ ድፍን አክሰል የታሰሩ ናቸው። ግራው ጉድጓድ ሲገባ ቀኙም አብሮት ይነቃነቃል። ዲኤክሱ አራቱም ጎማ ለየብቻው ነው የሚተነፍሰው። አባይ በረሃ ውስጥ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እንደ ማዕበል የተጣጠፈባቸው ቦታዎች አሉ፣ አልፈህበት ታውቀዋለህ። እዚያ ኩርባ ላይ እያለህ ኋላው ሲዘል የሚሰማው ስሜት ላዳ ላይ ደስ አይልም።

አሁን ስለ ቁልቁለቱ አንድ ነገር ላጫውትህ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በአጎቴ ላዳ ከጎሃ ፅዮን ወደ ድልድዩ እየወረድን ነበር። አጎቴ ጥሩ ሾፌር ነበር፣ ግን ቤንዚን ቆጣቢ ነበር፣ ሁለቱ አንዳንዴ አይስማሙም። ቁልቁለት ሲያገኝ ዜሮ ማርሽ አድርጎ በፍሬን ብቻ ይወርዳል። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ አንድ ሽታ መጣ፣ የተቃጠለ ጎማና የተቃጠለ ፀጉር የተቀላቀለ ዓይነት። አጎቴ ሲረግጥ ፔዳሉ ለስለስ አለ። ደግሞ ሲረግጥ ወለሉን ነካ። ቃል ሳይናገር ማርሹን እያንጫረረ ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ ከተተ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ መኪናውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው በኩል አስጠግቶ የመንገዱን ዳር ድንጋይ እያስላሰ አቆማት። ወርደን ስናይ የፊት ቸርኬው ላይ እጅ ማስጠጋት አይቻልም። እኔ ጀሪካን ይዤ ውሃ ላፈስበት ስሮጥ፣ ከኋላ የቆመ የጭነት መኪና ረዳት «ተው! ይሰነጠቃል!» ብሎ ጮኸብኝ። አርባ ደቂቃ ያህል ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፣ ዝንጀሮዎች እያዩን። አጎቴ እስከ ደጀን አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። መኪናህ ከነሰዉ 1,300 ኪሎ ነው እንበል። ከጎሃ ፅዮን እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። በዚያ ቁልቁለት የሚለቀቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያን ሁሉ እሳት ወይ ሞተሩ ይጋራሃል ወይ አራት ጎማ ላይ ያሉት ፍሬኖች ብቻቸውን ይሸከሙታል። ሞተሩ የሚጋራህ ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ስታስገባ ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚሉት የድሮ ሾፌሮች ይሄን ነው የሚሉት። ፍሬኑን አጠር አጠር አድርገህ ጠበቅ ብለህ ርገጥና ልቀቅ፣ እግርህን አስደግፈህ አትውረድ።

ሁለቱም መኪና ከፊት ዲስክ ከኋላ ከበሮ ነው፣ በአሠራር እኩል ናቸው። ዲኤክሱ ግን ቀላል ስለሆነ ለፍሬኑ የሚያሸክመው ያንሳል። ከመቶ ኪሎ በላይ ልዩነት ዳገት ላይ አንድ ማርሽ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ግን የፔዳሉ መለስለስና አለመለስለስ ሊሆን ይችላል። ኤቢኤስና ኤርባግ ሁለቱም ጋ ስለሌለ እሱን አታወዳድር። የኋላ ወንበሩ ላይ የሚሠራ ቀበቶ መኖሩን ብቻ እይ፣ ከሌለ አስገጥም። ልጆች አሉህ።

ስለ ሰባቱ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ደግሞ ላዳው ያሸንፋል። እውነቱን መናገር ይሻላል። ከመሬት ከፍ ይላል፣ ቆርቆሮው ወፍራም ነው፣ ድንጋይ ሲመታው አይደነግጥም። ደግሞ ኋላ የሚገፋ ስለሆነ፣ ሻንጣውን ሞልተህ ጭቃማ ዳገት ስትወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዶ የሚገፋውን ጎማ መሬት ያስነክሰዋል። ዲኤክሱ በተቃራኒው አፍንጫው ቀሎ ጎማው በከንቱ ሊሽከረከርብህ ይችላል። ክረምት ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ግን አስበው፣ ከአዲስ አበባ እስከዚያ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ አስፋልት ነው። ሐምሌ ላይ ከሆነ መኪናውን ከተማው ውስጥ ከዘመድ ቤት አቁመህ በባጃጅ ግባ። አያትህ በባጃጅ መጣህ ብላ አትቀየምህም።

እሺ፣ አሁን ወደ ቅድመ ሁኔታው። እስካሁን ያወራሁህ ስለ ደህና ላዳና ስለ ደህና ዲኤክስ ነው። ሁለቱም ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናቸው አሮጌ መኪኖች ናቸው። እዚህ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ፋብሪካው የሠራው ሳይሆን የመጨረሻው ባለቤት ያስጠገነው ነው የምትነዳው። ልቅም ያለ ላዳ የተንገላታ ዲኤክስን ኩርባ ላይ ጥሎት ይሄዳል፣ አይቻለሁ። ስለዚህ ዲኤክሱ አራቱም ጎማ አንተ ባለህበት ተፈትቶ፣ ፍሬኑ ታይቶ ካላለፈ አትግዛ። ጎረቤትህ እምቢ ካለ መልሱን አግኝተሃል። «ቦሎ አለው እኮ» ቢልህ ቦሎ አለው ማለት ፍሬን አለው ማለት አይደለም።

ሲፈታ የኋላ ከበሮው ውስጥ እርጥበት ካየህ የፍሬን ዘይቱ እያፈሰሰ ነው። የፍሬኑ ሸራ ሲያልቅ ብረት ብረቱን መብላቱን ታያለህ፣ ለዚህ መካኒክ መሆን አያሻም። ከዚያ ሞተሩን አስነስተህ የፍሬን ፔዳሉን ጠበቅ አድርገህ አንድ ደቂቃ ያዘው። ቀስ እያለ ከሰመጠ ዋናው የፍሬን ፖምፓ አልቋል። ሰው በሌለበት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በሃምሳ እየሄድክ መሪውን ላላ አድርገህ ይዘህ ርገጥ፣ ወደ አንድ ወገን ከጎተተ አንደኛው ጎማ ፍሬኑን በደንብ አይዝም። ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረህ በቀስታ ክብ ሥራ፣ ከፊት ጎማ በኩል ቀ-ቀ-ቀ የሚል ድምፅ ከሰማህ የአክሰሉ መጋጠሚያ እየለቀቀ ነው። ይሄ ከፊት የሚጎትት መኪና ሁሉ የዕድሜ በሽታ ነው፣ ከዋጋ ላይ ታስቀንስበታለህ። የሞተሩ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ። «ቅርብ ጊዜ» የሚል መልስ መልስ አይደለም፣ ራስህ አስቀይር።

ከዚያ ጎማው። ከጎኑ ላይ በትንሽ ሞላላ ሳጥን ውስጥ አራት አሃዞች አሉ። 2315 ካለ በ2015 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ደርቋል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና ነው። የላዳውም ጎማ ሁለት ዓመት አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ጠፍጥፎ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ባለ 13 ኢንች ስለሆኑ ቸርኬ እቀያይራለሁ ብለህ ደግሞ እንዳታስብ። የላዳው የቡሎን ቀዳዳዎች በፊያት ልክ 98 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ናቸው፣ የዚህኛው ኮሮላ 100 ነው። በሁለት ሚሊ ምን ይሆናል ብለው አስገድደው የሚያስሩ ጎማ ቤቶች አሉ። አትሞክረው።

ላዳውን ለገዢ ስታሳይም ቢሆን ሳይታይ እንዲነዳ አትፍቀድ። ቆሞ የከረመ መኪና የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ጠጥቶ ይቆያል፣ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላል፣ ፔዳሉም እንደ አጎቴ ላዳ ወለሉን ይነካል። ጎማውን የሚይዘውን የፊት የታችኛውን ቦል ጆይንት በተለይ ለመካኒክ አሳየው። እሱ ሲለቅ ጎማው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ላዳ ያላቸው ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። በሰላም ሸጥኩ ለማለት ይሄን አስጠግነህ ብትሸጠው ይሻልሃል።

ስለ መለዋወጫ ብዙ አልልም። ሁለቱም መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትጠይቅ የማይጠፉ ናቸው። ላዳውን የትም ያለ መካኒክ በፒንሳና በመፍቻ ይፈታዋል፣ የዲኤክሱ ካርቡሬተር ግን በቀጫጭን ቱቦዎች የተተበተበ ስለሆነ አንዷ ስትሰነጠቅ ሞተሩ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፣ ሰነፍ መካኒክ ደግሞ ቱቦዎቹን ነቅሎ በቡሎን ይደፍናቸዋል። ኮፈኑን ከፍተህ የተደፈነ ቱቦ ብዛት ቁጠር፣ የመኪናውን ታሪክ ይነግርሃል። ዋጋውን በተመለከተ፣ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌ መኪና ባለቤት ሁሉ አንገቱን አቅንቷል። ጎረቤትህ ከፍ ቢያደርግብህ አትደነቅ፣ የአንተም ላዳ እንደዚያው ከፍ ብሏል፣ ደላላ ሳታስገባ አስማማው።

ዲኤክሱን ለመፈተሽ ሩቅ መሄድ የለብህም፣ ከቤትህ ቅርብ ነው። ቤተሰቡን በሙሉ ጫንና ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ውጣ። ሲወጣ የሙቀት መለኪያውን እይ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ቶሎ ያፈላብሃል። ከዚያ አዙረህ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ውረድ። ታች ስትደርስ አቁመህ ጎማዎቹ አጠገብ እጅህን ሳትነካ አስጠጋ። አንደኛው ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ያ ፍሬን ተጣብቋል። ካልሸተተህ፣ ፔዳሉ ልክ እንደ ጧቱ ከሆነ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ጎጃም ያደርስሃል።

አሁን ስለዚያች ጨርቅ። ስታነሳት ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች? የምትሸት ከሆነ ለምን እንደሚይዛት ልንገርህ። የላዳው የቤንዚን ፖምፓ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ነው ያለው። አባይ በረሃ ውስጥ፣ ከወንዙ ወደ ደጀን ስትወጣ፣ በዚያ ሙቀት ቤንዚኑ ፖምፓው ውስጥ ይተንናል፣ ሞተሩም ዳገት መሃል ላይ ጭጭ ይላል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ወርዶ ጨርቅ በውሃ ነክሮ ፖምፓው ላይ ይጠመጥምና ትንሽ ቆይቶ ያስነሳዋል። አባትህ እናቱ ጋ ሲመላለስ ስንት ጊዜ እንደወረደ እሱ ነው የሚያውቀው።

ላዳውን ስትሸጥ ጨርቋን አውጣት። ዲኤክሱም ካርቡሬተር ነው፣ ወንበሩ ስር ቦታ አለው። ሁለት ሊትር ውሃ አብረህ ያዝ።